ስለ እምቢልታና ስለ መለከት

የመንግሥት በዓል በሚከበርበት ቀን የማርሽ ሙዚቃ ጓድ ከፊት ቀድሞ ሲያልፍ ልቡ የማይነሣሣ ሰው ያለ አይመስለንም። የናሱ ድምፅ፣ የከበሮው ምትና የሙዚቀኞቹ እርምጃ ለበዓሉ ግርማ ይሰጡታል። በዚህ ቅር አይለንም። ቅር የሚለን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የራሳችን የሆነ አንድ መሣሪያ እንኳ ሳይሰማ በዓሉ ማለቁ ነው።

ናሱ እንዴት እንደ መጣ የታወቀ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር ሙያውን አጸኑት። የናልባንድያን ዜማ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይ የሀገር መዝሙር ሆኖ ተሰማ። እንግዳው ከቤተ ዘመድ ተቈጠረ፤ ደግ ነው። ነገር ግን እንግዳ ሲገባ ባለቤቱ ከቤት ይውጣ ያለ ማን ነው?

ባለቤቶቹ እምቢልታ፣ መለከትና ነጋሪት ነበሩ። በጥንቱ ሥርዓት ትልቅ ሹመት ያገኘ ሰው ነጋሪት እያስጎሰመ፣ እምቢልታ እያስነፋ ይጓዝ ነበር። ደሴም ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑባት ከተማ ስለሆነች ይህን ማዕርግ ለማስታወስ ሩቅ አትሄድም። ነጋሪት ዛሬ ስሙ በሕግ ጋዜጣችን ራስጌ ላይ ይነበባል፤ ድምፁን የሰማ ግን ጥቂት ነው።

የእምቢልታ አነፋፍ ልብ ሊሉት የሚገባ ነው። እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ እምቢልታ ከአንድና ከሁለት ድምፅ በላይ እምብዛም አይሰጥም። ቁመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎችን የያዙ ሦስት ሰዎች አንዱ የተወውን ሌላው እየተቀበለ በተራ ሲነፉ ነው ዜማው የሚገኘው። አንደኛው ቢያንቀላፋ ዜማው ይበጠሳል። ለሠልፍ የተሠራ ሙዚቃ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

የስኮትላንድን ሰዎች እንይ። ባግፓይፕ የሚሉት መሣሪያ ከቆዳ አቅማዳ ጋር የተገጠመ ዋሽንት ነው። ይህን የገጠር መሣሪያ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በነበሩት ክፍሎቻቸው ይዘውት ገቡ፤ አላፈሩበትም። ዛሬ የዮርዳኖስ፣ የዖማን፣ የሕንድና የፓኪስታን ሠራዊት በክብር በዓላቸው ይነፉታል፤ መሣሪያው በብዛት ከሚሠራባቸው ከተሞች አንዷም የፓኪስታኗ ሲያልኮት ናት። እኛም ዘንድ ቢሆን ታሪኩ እንግዳ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ ከአርበኞቻችን ጋር የኮምቦልቻን በር ሰብሮ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ሲይዝ፣ ከውስጡ ትራንስቫል ስኮቲሽ የሚባለው የባግፓይፕ ሙዚቀኞች ልማድ ያለው ክፍል ነበረበት። ከስኮትላንድ ስንትና ስንት ባሕር ርቀው የኖሩት ያላቃለሉትን እኛ በገዛ አገራችን የኛን ማቃለላችን ይገርማል።

እምቢልታ የመሳፍንት ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል የሚሉ አሉ። ናሱም እኮ የዘውድ ነበር! ሥርዓት ሲለወጥ እርሱን ማንም አልጣለውም። ሌሎች ደግሞ እምቢልታና ናስ በድምፅ አይስማሙም ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፤ አብረው አይነፉ። እምቢልታው ይክፈት፣ ናሱ ተራውን ይጠብቅ።

አሁን ያለንበትን ለማየት ወደ ገራዶ ወረድ ማለት ይበቃል። በዚያ ማለዳ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ከደጁ ወጥቶ «ማን ሞተ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ነፊውም የዕድር ነው። ለደስታና ለክብር ሲነፋ የኖረ ወገን ለመርዶ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ የደሴ ከተማ አስተዳደር ለሚመጣው በዓል ሦስት እምቢልታ ነፊዎችና አንድ ባለመለከት ከሙዚቃው ጓድ ፊት ቢያሰልፍ መልካም ይመስለናል። ወጪው የአንድ የናስ መሣሪያ ዋጋ አይደርስም ብለን እንገምታለን። መምህር ከታጣም በትግራይ ሠርግ ላይ እምቢልታ ዛሬም ስለሚነፋ ከዚያ መጋበዝ ይቻላል። ልምምዱ ከተማውን ይረብሻል የሚል ቢመጣ የገራዶ ሜዳ ሰፊ ነው።