ከፈሳሹ በፊት ዕቃውን

የባላገር እናቶች ላሟ ከመታለቧ በፊት የወተቱን ቅል አጥበው በወይራ ጢስ ያጥኑታል። መልካም ወተት በመጥፎ ዕቃ እንደሚበላሽ ያውቃሉና። ላምባ በነበረበት ጠርሙስም ማር የምታኖር ባለሙያ የለችም። ይህን የቤት ጥበብ ዛሬ ወደ ጋራዥና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዘነው እንሂድ።

ከአዲሶቹ የናፍጣ መኪናዎች ብዙዎቹ ከነዳጁ ሌላ አንድ ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ በንግድ ስሙ አድብሉ ይባላል። ከመቶው 32.5 እጅ ዩሪያ፣ የቀረው 67.5 እጅ ደግሞ እጅግ የተጣራ ውሃ ነው። ዩሪያን ገበሬው በማሳው የሚበትነው ማዳበሪያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመኪናው የሚሆነው ግን በንጽሕናው ከዚያ እጅግ የላቀ ነው። ፈሳሹ ለብቻው በተሠራለት ታንክ ይሞላና በጋለው የጢስ መውጫ ውስጥ ሲረጭ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያውም ካታሊስት በተባለው ክፍል ላይ ከመርዛማው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ፣ ናይትሮጅንና የውሃ እንፋሎት ሆነው ይወጣሉ።

እንግዲህ አንድ ወጣት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ይህን ፈሳሽ በብዛት ተረክበህ አስቀምጥ ቢባል፣ ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በግቢው በቆመው የብረት በርሜል ላይ ነው። በርሜሉ ጠንካራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ስሕተቱ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። ፈሳሹ ተራውን ብረት፣ ዚንክ የተቀባውን ቆርቆሮ፣ መዳብን፣ ነሐስንና አሉሚኒየምን ቀስ በቀስ ይበላል፤ የበላውም ከውስጡ ይቀራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1 ኪሎ ፈሳሽ ውስጥ ብረት ከ0.5 ሚሊግራም፣ መዳብና ዚንክም እያንዳንዳቸው ከ0.2 ሚሊግራም እንዳይበልጡ ይወስናል። ይህም ለ1000 ኪሎ ፈሳሽ የተፈቀደው ብረት ግማሽ ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ ያለፈው መርጫውን ይደፍናል፣ ካታሊስቱንም ያበላሻል፤ በብዙ መኪናዎችም ሞተሩ ኀይሉን ይቀንሳል። በነጻ በተገኘ በርሜል ምክንያት ይህን የመሰለ የጥገና ዕዳ መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ታዲያ የሚስማማው ዕቃ የትኛው ነው? ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከሚባሉት ፕላስቲኮች የተሠራ፣ ወይም የማይዝግ ብረት ነው። ለጥቂት መኪናዎች የ10 ወይም የ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው የ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል፣ ለብዙ መኪናዎችም በብረት ፍርግርግ የታቀፈ ባለ 1000 ሊትር የፕላስቲክ ታንክ አለ። ነገር ግን በፕላስቲኩ በርሜል ላይ የነሐስ መክፈቻ ቢገጠምበት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ መክፈቻውና ፓምፑም ከዕቃው ጋር አብረው ይመረመሩ።

በየቤታችን ያለው ቢጫ ጀሪካንስ? ፕላስቲኩ ቢስማማም፣ ቀድሞ የምግብ ዘይት ወይም ናፍጣ የነበረበት አይሆንም። በቧንቧ ውሃ ማጠብም አይበቃም፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ራሱ ጉዳት ነውና። ስለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት፣ ለዚህም ሥራ ብቻ ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ቦታውም እንደ ዕቃው ይመረጣል። በደንብ የተከደነ ፈሳሽ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ 18 ወር፣ እስከ 30 ዲግሪ 12 ወር፣ እስከ 35 ዲግሪ ግን 6 ወር ያህል ብቻ ይቆያል። በደጋው በአዲስ አበባ ጥላ ሥር ተረጋግቶ የሚቀመጠው፣ በአዋሽና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ቶሎ ይበላሻል። በዚያ በትንንሽ ዕቃ እያመጡ ቶሎ መጨረስ ይበጃል። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ውሃው ይተንና ነጭ እንክብል ይጋገርበታል፤ አቧራም ይገባበታል።

ወጣት ወዳጄ፣ ሞዴል 19 ላይ ከመፈረምህ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቅ፤ ዕቃው ከምን ተሠራ? ቀድሞ ምን ነበረበት? የትስ ይቀመጣል? ሦስቱም በቂ መልስ ካላገኙ ብዕርህን ወደ ኪስህ መልስ።