ወንበሩ ተረከበ፣ ደብዳቤውስ?

አንድ ኃላፊ ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ኮምፒውተሩ፣ ማኅተሙ ሳይቀር ተቆጥሮና ተፈርሞ ለተተኪው ይተላለፋል። ሥራው የተሠራበት የኢሜይል ሳጥን ግን ከርክክቡ ውጭ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት እንደሚታየው አድራሻው በግለሰቡ ስም የተከፈተ ጂሜይል ወይም ያሁ ከሆነ ከነይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እዚህ ግን በጽሑፍ ያለውም ወራሽ አጥቷል።

ችግሩ የቴክኖሎጂ እጥረት ነው እንዳይባል፣ የኢሜይል ሳጥን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ተራ ፎልደር ሊሆን ይችላል። ሜይልደር የተባለውን አሠራር ዳንኤል በርንስታይን የተባለው የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኪውሜይል ለተባለው ሶፍትዌሩ አበጀው። በትእዛዝ መስመር ላይ «ሜይልደርሜክ» ብሎ የፎልደሩን ስም መጻፍ ይበቃል። ውስጡ ቴምፕ፣ ኒው እና ከር የተባሉ ሦስት ፎልደሮች ይፈጠራሉ።

አካሄዱ ለመዝገብ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም። የሚገባ ደብዳቤ በቅድሚያ ቴምፕ ውስጥ ይጻፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ወደ ኒው ይገባል፤ ባለቤቱ ሳጥኑን ሲከፍት ወደ ከር ይዛወራል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ራሱን የቻለ ፋይል ነው። በቀድሞው አሠራር ሁሉም ደብዳቤ በአንድ ረጅም ፋይል ስለሚከማች መብራት በመሃል ቢጠፋ ሳጥኑ ሊበላሽ ይችል ነበር። በሜይልደር ግን ግማሽ ላይ የተቋረጠው ደብዳቤ ቴምፕ ውስጥ ይቀራል፣ የቀድሞዎቹ አይነኩም።

ፎልደሩ ሲፈጠር የመክፈት ፈቃድ የሚያገኘው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ባለቤቱ ማን ነው?

ጥያቄው ሀብታም አገርንም ፈትኗል። ሂላሪ ክሊንተን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013፣ የመንግሥት ሥራ በግል ሰርቨር ይጻጻፉ ነበር። ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤዎቹን ሲጠይቅ በ2014 መጨረሻ 55 ሺህ ገጽ ያህል ታትሞ ተሰጠው። የሥራውን ከግሉ የለዩት ግን የእሳቸው ጠበቆች ነበሩ።

«የጉግል ጥበቃ ከእኛ ሰርቨር ይሻላል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውኃ ያነሳል። ፎልደር መፍጠር ቀላሉ ክፍል ነው፤ አይፈለጌ መልእክት መከላከል፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ሰርቨሩን ሌት ተቀን መጠበቅ ባለሙያና በጀት ይጠይቃል። ይሁንና አገልግሎቱን ከውጭ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ሳጥኑን በግለሰብ ስም መተው ሌላ። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ዶሜይን፣ ለሰውየው ሳይሆን ለሥራ መደቡ አድራሻ ይክፈት። ቅጂውንም በየጊዜው ወደ ራሱ ሜይልደር ያውርድ። በርክክብ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። መታወቂያውን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ አቤቱታውን ስካን አድርጎ የላከ ዜጋ አደራ የሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ጉዳዩ ምን እንደደረሰ ሲጠይቅ «የቀድሞው ኃላፊ ጋ ነው» ከተባለ፣ መሥሪያ ቤቱ አደራውን በልቷል።