ነጥቡ የት ነው?

በዲፓርትመንታችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "የትኛውን ሞዴል ልትጠቀሙ ነው?" የሚል ነው። ቀጥሎ የጂፒዩ ወሬ ይከተላል፤ ጂፒዩ ከሌለ ደግሞ ልቅሶው ይጀመራል። በተለይ ባለ ሦስት ገጽታ፣ በተለምዶ ስሪ ዲ በምንለው ዳታ ላይ ቁልፍ ነጥቦችን የሚለይ ሞዴል ለማሰልጠን በሚነሱት ዘንድ ይህ ነገር በዝቶ ይታየኛል። በእኔ አስተያየት ግን ከሞዴሉ በፊት መልስ የሚሻ፣ ጂፒዩም የማይጠይቅ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ነጥቡ የት ነው?

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ቁልፍ ነጥብ ማለት አንድን ዕቃ ወይም አካል ለመግለጽ የምንመርጠው ቦታ ነው፤ የሰው ክርን፣ የአውሮፕላን ክንፍ ጫፍ፣ ሮቦት የሚይዘው የሲኒ እጀታ። ፎቶ ላይ ፒክስሎቹ ተሰልፈው ስለሚቀመጡ ሥራው ይቀላል። ከሌዘር ስካነር ወይም ከጥልቀት ካሜራ የሚመጣው ፖይንት ክላውድ ግን ሰልፍ የሌለው፣ እዚህ ጥቅጥቅ እዚያ ሳሳ ያለ የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ቁጥሮች ክምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከስታንፎርድ የወጣው ፖይንትኔት ይህንኑ ክምር እንዳለ ተቀብሎ፣ ነጥቦቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢገቡ ያንኑ መልስ የሚሰጥ ኔትወርክ በማሳየቱ መንገዱን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹም ኮድ በነፃ ይገኛል። ስለዚህ የሞዴል ድሃ አይደለንም ባይ ነኝ።

እስቲ ጀበናን እንውሰድ። ሁለት ተማሪዎች "አፉ፣ አንገቱና እጀታው ላይ አንዳንድ ነጥብ አስቀምጡ" ቢባሉ ምን ያደርጋሉ? አንገት እኮ ዙሪያ ነው! አንዱ በፊት በኩል፣ ሌላው በእጀታው በኩል ያስቀምጣል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ያልተሟላው ትእዛዙ ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ደግሞ ይብሳል። "አንደኛው እግር" የቱ ነው? ሦስቱም ያው ናቸው። ምልክት የሚያደርገው ሰው እንደመጣለት አንዴ ይሄኛውን፣ አንዴ ያኛውን አንደኛ እያለ ይሞላል እንበል። ሞዴሉ የነጥቡን አድራሻ በቀጥታ እንዲገምትና የስህተቱ ካሬ እንዲያንስ ከሰለጠነ፣ የሚያዋጣው መልስ የሦስቱ እግሮች አማካይ ነው። ይኸውም ከመቀመጫው ሥር፣ እንጨት የሚባል ነገር የሌለበት አየር ላይ! ይህን ያየ ተማሪ "ሞዴሉ ደካማ ነው፣ ተለቅ ያለ እናምጣ" ይላል። ሞዴሉ ምን አጠፋ? የተሰጠውን ነው የተማረው። በቀጥታ ከማስገመት ይልቅ እያንዳንዱ የዕቃው ነጥብ የተፈለገው ቦታ የመሆን ዕድሉን እንዲሰጥ ማድረግ፣ ማለትም ሂትማፕ፣ አየር ላይ ከመንሳፈፍ ያድነዋል። የትኛው እግር ነው የሚለውን ግን ሂትማፕም አይፈታውም። ወይ ሦስቱን ያለ ተራ እንደ አንድ ስብስብ መቁጠር፣ ወይ ተራ የሚያሲዝ ምልክት ከዕቃው ላይ መፈለግ ነው። ይህ ደግሞ የሰው ውሳኔ ነው።

አጥንት የሚለኩ ሰዎች በዚህ ቀድመውናል። ፍሬድ ቡክስታይን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ነጥቦችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ እንደ ራስ ቅል ስፌቶች ያሉ ነገሮች የሚጋጠሙበት ቦታ፣ እንደ ጥርስ ያለ የሹል ጫፍ፣ እና "ከሁሉ ርቆ የሚገኘው" ተብሎ ብቻ የሚገለጸው። ወደ ሦስተኛው እየሄድን ስንመጣ እርግጠኛነቱ እየላላ ይሄዳል። የጀበናው አንገት ከሦስተኛውም የሚያንስ ይመስለኛል።

ነገሩ ከጀበና በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በ2008 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነስታ ከ35 ሺህ በላይ ምስሎች ተገኝተዋል። በ2016 ደግሞ የትከሻዋና የጉልበቷ ስሪ ዲ ፋይሎች በብሔራዊ ሙዚየማችን ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀዋል። እንዲህ ባለ ጉልበት ላይ ነጥቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ካለ ልኬቱ ይለወጣል፤ ልኬቱ ከተለወጠ ስለ አረማመዷ የሚባለውም ይነካል። ከመካከላችን በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚሠማራ ቢገኝ ደስታዬ ነው። ሆኖም ሁለት ሰዎች በአንድ ነጥብ ላይ በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር የሚለያዩ ከሆነ፣ "የሞዴላችን ስህተት 1 ሚሊ ሜትር ነው" ተብሎ እልል አይባልም። የአንዱን ሰው እጅ ሸምድዷል ማለት ነው፤ በሌላው ሰው ምልክት ሲፈተን ይጋለጣል። ያ 3 ሚሊ ሜትር ሳይለካ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኪይፖይንትኔት የተባለው የዳታ ስብስብ 8,234 ሞዴሎችንና 103,450 ነጥቦችን ሲይዝ፣ የብዙ ሰዎችን ምልክት አሰባስቦ ማስታረቅን ዋና ሥራው ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

"ምልክት የማይጠይቁ ዘዴዎች መጥተዋል እኮ" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በ2019 የወጣው ዩሲፕ ዕቃው ቢዞርም ተመልሶ የሚያገኛቸውን ነጥቦች በራሱ ይመርጣል። ሁለት ስካኖችን ለማገጣጠም ግሩም ነው። የመረጠው ነጥብ እጀታ ይሁን አንገት ግን አያውቅም፤ ጀበናውን የሚያነሳው ሮቦት ደግሞ ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ዲፓርትመንቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲገመግም ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው እያንዳንዱ ነጥብ የት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሞዴሉ ስህተት ጎን ተጽፎ እንዲቀርብ ነው። ጊዜ አይበቃም እንዳይባል ሒሳቡን እንሥራው። 40 ዕቃ በ8 ነጥብ 320 ነው፤ ለሁለት ሰው 640፤ ከሁለቱ አንዱ ከሳምንት በኋላ ቢደግመው 960። አንዱ ነጥብ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ በድምሩ 8 ሰዓት ነው። ሜሽላብም ሆነ ክላውድኮምፔር በነፃ የሚወርዱ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ለዚህን ያህል ሥራ ተራ ላፕቶፕ ይበቃቸዋል፣ መብራት ካልሄደ።