አመዱ ይቅር

ንፋስ መውጫ ላይ የሚያስል ሰው ምክንያቱን ሐኪም ሳይጠይቅ ያውቀዋል፤ ብርድ ነው። ከጉና የሚወርደውን ንፋስ የቀመሰ ሁሉ አይፈርድበትም። ብቻ፣ ብርዱ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ስለሚሆን ምድጃ ጥግ የተኛችው ድመትም፣ ማታ በር ሲዘጋ የምትጸዳዳበት የአመድ ካርቶንም ሳይጠረጠሩ ያልፋሉ።

ድመቷ ትውጣ አልልም። ገብስና ስንዴ ጎታ ውስጥ ያለው ቤት ያለ እሷ አይጥን አይችለውም። ጠቤ ከአመዱ ጋር ነው።

አመድ በየቀኑ ከምድጃ ይወጣል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እርጥበት ይመጥጣል። ፈረንጆቹም ይጠቀሙበት ነበር። እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1947 ሚሺጋን ውስጥ አመዱ ያማረራት አንዲት ሴት ጎረቤቷ ኤድ ሎው ዘንድ አሸዋ ልትለምን ሄደች፤ ድመቷ በጥቁር እግሯ ቤቱን አበላሽታባት ነበር። እሱ ግን ለፋብሪካ ዘይት ማድረቂያ የሚሸጠውን ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጣት። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው የድመት አሸዋ የመጣው ከዚያ ነው።

የእግሩ ጥቁረት ትንሹ ጣጣ ነው። አመድ ደቃቅ ስለሆነ ድመቷ ልትቀብር ስትጭር ቡን ይላል፤ አስም ያለበት ልጅ ደግሞ እዚያው መደቡ ላይ ተኝቷል። የእንጨት አመድ አልካላይን በመሆኑም ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ቶሎ ወደ አየር ይለቀቃል። ጠዋት በር ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጠው እሱ ነው።

ለድመት አለርጂ ዋናው ምክንያት ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም። ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ከምራቋና ከቆዳዋ ይመነጫል፣ ራሷን ስትልስ ጸጉሯ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ይንሳፈፋል። እሷ ከሄደች በኋላ እንኳ ቤቱ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የትኛውም የድመት አሸዋ፣ ከረጢቱ ላይ ምንም ቢጻፍ፣ አለርጂውን አያስቀርም። አቧራ ካልጨመረ በቂ ነው። ሽቶ ያለበትማ ለሚያስነጥሰው ሰው ተጨማሪ መከራ ነው።

እኔ የምመርጠው በወንፊት ተነፍቶ ደቃቁ የወጣለት፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል ካላችሁ አናጢ ቤት ሂዱ። ሰጋቱራውን ተዉት፤ ብናኙ ከአመድ አይሻልም። ከመላጊያው ሥር የሚወድቀውን ጥቅልል ፍቅፋቂ ውሰዱ። እብቅም አይሆንም፤ አውድማ የዋለ ያውቀዋል።

ኩበት በሚጨስበት ቤት ስለ ድመት አሸዋ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጭሱ ይብሳል። ጭሱን ለማስወጣት ግን ምድጃ መቀየር፣ ጣሪያ መክፈት ያስፈልጋል፤ ካርቶኑን ለመቀየር አንድ ጆንያ አሸዋ ይበቃል።

ካርቶኑ በየቀኑ ይጸዳ። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ ማሳደር አይገባም። የሚያጸዳውም አስም ያለበት ሰው ወይም ነፍሰ ጡር አይሁን። በእኛ ቤት ይህ ሥራ ሳይጠየቅ ለሴቶቹ ይተዋል፤ አባወራው አንድ አካፋ ማንሳት አያቅተውም።