ላፕቶፕ ከመላክ ይልቅ የጋራ ሰርቨር ማቆም

በምሥራቅ ለንደን፣ ዶክላንድስ በሚባለው የቀድሞ የወደብ ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተውን ቴሌሃውስን የመሳሰሉ የመረጃ ማዕከላት ይገኛሉ። በመደርደሪያዎቻቸው ላይ የተደረደሩት ሰርቨሮች በአብዛኛው ስክሪን፣ ኪቦርድም ሆነ ማውስ የላቸውም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የሚሠራ ሰው የለም፤ ተጠቃሚዎቻቸው ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ ክፍለ ዓለም ሆነው ያዝዟቸዋል። ይህ አሠራር አቅም ያለው ኮምፒውተር ለቸገራቸው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ትልቅ ተስፋ አለው፤ ተስፋው እውን የሚሆነው ግን አሠራሩ በሚገባ ከታወቀ ነው።

ኮምፒውተርን ከርቀት ማዘዝ ለለንደን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በፒተር ከርስቲን ይመራ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ቡድን፣ ለኢንተርኔት መነሻ ከሆነው ከአሜሪካው አርፓኔት ጋር በኖርዌይ በኩል ተገናኘ። የመስመሩ አቅም በሰከንድ 9600 ቢት ብቻ ነበር። ይሁንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ በራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ የነበረውን ግዙፍ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ ለመጠቀም ችለዋል። የሚመላለሰው ጽሑፍ ስለነበር ጠባቡ መስመር በቂ ሆነ።

ፈተናው የመጣው ሥዕል ሲጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረው «ኤክስ» የተባለው ሥርዓት፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ መስኮቱ በሌላ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ እንዲታይ አስቻለ። በ1987 የወጣው 11ኛው እትሙ በሊነክስ ላይ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በስክሪን አልባ ሰርቨር ላይ ያለ የካርታ ወይም የስሌት ፕሮግራም በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ መስኮቱን የሚከፍተው በዚህ ዘዴ ነው።

ዘዴው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያረካል፤ ርቀት ሲጨመር ግን ይዝላል። ኤክስ በመሠረቱ የሚልከው የተጠናቀቀ ሥዕል ሳይሆን የሥዕል ትእዛዝ ነው፤ መልስ ለሚሹ ጥያቄዎችም ፕሮግራሙ መልስ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ከለንደን እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 59 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ዞሮ ስለሚሄድ እውነተኛው ጊዜ ከዚህም ይበልጣል። አንድ መስኮት ለመክፈት 50 ምልልስ ቢያስፈልግ ተጠቃሚው 3 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል ማለት ነው። ፈጣን ኢንተርኔት መግዛት ይህን አያስቀርም፤ መንገዱ ቢሰፋም ርቀቱ አያጥርም።

ከመዘግየት የከፋው ደግሞ መቋረጥ ነው። በተለመደው የኤክስ አሠራር መስመሩ ሲቋረጥ ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ዘዴውን ከናካቴው የሚያስተው ጉድለት ነው። መፍትሔው ከለንደን ብዙም ከማትርቀው ከኬምብሪጅ መጥቷል። በኦሊቬቲ የምርምር ቤተ ሙከራ ተጠንስሶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሕዝብ በነፃ የተለቀቀው ቪኤንሲ፣ በሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ስክሪን ይዘረጋል፤ ወደ ተጠቃሚው የሚልከውም ከሥዕሉ የተለወጠውን ክፍል ነው። ኤክስፕራ የተባለው ሶፍትዌርም ለነጠላ መስኮቶች ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። የተጠቃሚው መብራት ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ እስካልጠፋ ድረስ ሥራው ይቀጥላል፤ ተመልሶ ሲገባ ሁሉን በነበረበት ያገኘዋል።

የዚህ ጥቅም በጣና ሐይቅ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም ሥርጭት ለመከታተል የሚረዱ የሳተላይት ምስሎችን የአውሮፓው የሴንቲኔል መርሐ ግብር በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን አንዱ የምስል ጥቅል ወደ 1 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል። የብዙ ወራት ምስል በሞባይል ዳታ አውርዶ በአሮጌ ላፕቶፕ መተንተን ለባሕር ዳር ተማሪ የማይታሰብ ነው። ምስሎቹ በሰርቨር ላይ ተቀምጠው፣ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር እዚያው ቢሠራ ግን ወደ ተማሪው የሚመጣው የስክሪኑ ሥዕል ብቻ ይሆናል።

በለንደንም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ተማሪዎች ለመርዳት ሲነሡ ቀድሞ የሚታሰባቸው ያገለገለ ላፕቶፕ መላክ ነው። በጎ ሐሳብ ቢሆንም፣ ተበታትነው የሚላኩ ደካማ ኮምፒውተሮች ከባድ ስሌት አይሸከሙም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ገንዘቡ ቢሰበሰብ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጠንካራ የሊነክስ ሰርቨር ማቆም ይቻላል፤ አሮጌዎቹ ላፕቶፖችም መስኮት ለማሳየት ይበቃሉ።

ሰርቨሩን በለንደን ተከራይቶ መስጠት የቀለለ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኪራዩ በየወሩ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ርቀቱም አብሮ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት እንደተቋረጠው ያለ አጋጣሚ ሲመጣ ደግሞ በለንደን ያለው ሥራ ሁሉ የማይደረስበት ይሆናል። በግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር ግን በግቢው መረብ እስከተገኘ ድረስ ማገልገሉን አያቆምም።

የጋራ ሰርቨር የራሱ አደጋ እንዳለው መካድ አይገባም፤ አንዱ ሲበላሽ የሁሉም ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ከዕቃው ግዢ እኩል ለመጠባበቂያ ኃይልና ለሠለጠነ ባለሙያ ገንዘብ መመደብ ግድ ነው። የቪኤንሲ በር በቀጥታ ለኢንተርኔት ተከፍቶ መተው የለበትም፤ በቀድሞው አሠራር የይለፍ ቃሉ ከመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት በላይ ስለማይቆጠር፣ ምልልሱ እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ በተፈለሰፈው ኤስኤስኤች የምስጢር መስመር ውስጥ ማለፍ አለበት። የግእዝ ፊደል ቅርጾችም በሰርቨሩ ላይ መጫን አለባቸው፤ አለበለዚያ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን አቅም የሚያልፍ አይደለም። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ዘዴውም አሥርት ዓመታት ተፈትኗል። የጎደለው በየግለሰቡ እጅ የሚበተነውን ርዳታ ሁሉም ወደሚደርስበት አንድ ሰርቨር የማሰባሰብ ውሳኔ ነው።