አንደበት ሳይዘጋ፦ የአንጎል ዕጢ ሕሙማንና የአስታማሚዎቻቸው ማኒፌስቶ

እኛ የአንጎል ዕጢ ያለብን፣ የአንጎል ዕጢ ያለበትን ሰው የምናስታምም፣ በሆስፒታልም በቤትም የምናክም ሰዎች ነን። ያሰባሰበን አንድ ጥያቄ ነው። የማስታገሻ ክብካቤ፣ በሕክምናው አጠራር ፓሊየቲቭ ኬር፣ ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ የሚጠራ የመጨረሻ እንግዳ መሆኑ ይብቃ። የኤምአርአዩ ውጤት በተነገረበት ሳምንት ይጀመር። ከቀዶ ሕክምናው፣ ከጨረሩና ከኬሞው ጎን ለጎን ይሂድ። ታማሚውንም አስታማሚውንም ይያዝ።

ይህን የምንለው ተስፋ ቆርጠን አይደለም። የሕመሙን ጠባይ ስለምናውቅ ነው።

ለምን ቀድሞ?

በብዙ ሕመም ሥጋ ሲደክም ሰውዬው ራሱ ይናገራል። ያመመውን ያሳያል፣ ያማረውን ይጠይቃል፣ ልጆቹን ይመክራል፣ ይናዘዛል። የአንጎል ዕጢ ግን የሚያርፈው በሚናገረው፣ በሚያስበውና በሚወስነው አካል ላይ ነው። የንግግርን ቦታ ከነካ ቃል ያሳጣል። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ከያዘ ጠባይ ይለውጣል፤ ዝምተኛው ቁጡ፣ ትጉው ግዴለሽ ይሆናል። ሚስት «ምን በድዬው ነው?» እያለች ታለቅሳለች። የተቆጣት ባሏ ሳይሆን ሕመሙ መሆኑን የነገራት ሰው የለም።

ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም። ሜኒንጂዮማ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ዘግይቶ ከተደረሰበት ግን የዓይን ብርሃን ሊወስድ ይችላል። ግሊዮብላስቶማ ከክፉዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ትልቅ ጥናት በጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለው የኬሞ መድኃኒት ሲጨመር ግማሾቹ ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የዛሬው ሕክምናም የቆመው በዚያ ላይ ነው። ከእነዚያ ወራት ውስጥ ሰውዬው በራሱ አንደበት «ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም» የሚልባቸው ደግሞ ያንሳሉ። ስለዚህ በዚህ ሕመም «ቆይ፣ ሲብስበት እንነጋገራለን» ማለት ጨርሶ ላለመነጋገር መወሰን ነው።

ቀድሞ መጀመር እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዶ/ር ጄኒፈር ተሜል የመሩት ጥናት ታተመ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሕመማቸው በታወቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተለመደው ሕክምና ጋር የማስታገሻ ክብካቤ ጀመሩ። ኑሯቸው ተሻለ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ ከእነዚህ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜም 11.6 ወር ሆነ፤ በሌላው ወገን 8.9 ነበር። ጥናቱ ስለ ሳንባ ካንሰር ነውና ለአንጎል ዕጢም ዕድሜ ያረዝማል ብለን አንምልም። የምንለው ክብካቤን ቀድሞ መጀመር ሞትን መጥራት እንዳልሆነ ነው። የአውሮፓ የኒውሮ ኦንኮሎጂ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ለግሊዮማ፣ ማለትም ግሊዮብላስቶማን ለሚጨምረው የዕጢ ወገን፣ ሕሙማን ራሱን የቻለ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል።

የመርዶን ሥርዓት የሚያውቅ ሕዝብ

የአገራችን ሰው መርዶ ሲያረዳ ወግ አለው። ዘመድ ይጠራራል፣ ሌሊቱን ያሳልፋል፣ ማለዳ ይሄዳል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ያስቀምጣል። ስለ ሞተ ሰው ለመንገር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ስለ ሕያው ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ይሰማል። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል። የበኩር ልጅ ለብቻው ይጠራል። «ዕጢው ጥሩ አይደለም» ይባላል። ልጁም «እባክዎ ዶክተር፣ ለእሱ እንዳይነግሩት» ብሎ ይለምናል። አባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የልጁን ፊት ያነባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይነጋገርም።

ልጁን የሚያስደብቀው ፍቅር ነው፤ አንወቅሰውም። እኛም እውነቱ ሁሉ በአንድ ቀን ይፍሰስ አንልም። አስቀድሞ ታማሚው ይጠየቅ፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይስማ?» እሱ ራሱ «ልጄ ይስማልኝ» ካለ፣ ምርጫው የእሱ ነው። ሳይጠይቁ መደበቅ ግን የሰውን ውሳኔ መንጠቅ ነው።

የዝምታው ዋጋ በገንዘብም ይታያል። ውጭ ያሉ ልጆች ያዋጣሉ፣ ቤት ይሸጣል፣ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ ይኬዳል። መሄዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከትኬቱ በፊት ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጉዞው ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ሊያስረዳ፣ ታማሚውንም «ይህን ጊዜ ከማን ጋር፣ የት ማሳለፍ ይፈልጋሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ቤት ውስጥ የሚሆነው

ዕጢው የሚያስነሳው የሚጥል ሕመም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ታማሚውን ይጥለዋል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያጨሳል፣ ሌላው በጥርሶቹ መካከል ማንኪያ ለማስገባት ይታገላል፣ ሌሎች እጅና እግሩን ይጫናሉ። ሁሉም የሚችለውን እያደረገ ነው፤ ሁሉም ግን ሊጎዳው ይችላል። ከሆስፒታል ሲወጡ ሊማሩት የሚገባው አጭር ነበር፦ በጎኑ አስተኙት፤ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ አትጫኑት፤ ሰዓት ተመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒትም እንውሰድ። በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ይቀንሳልና ራስ ምታቱ ይለዝባል፤ ሰውዬው ቀና ብሎ ይበላል። ግን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ሲቆይ የጭንን ጡንቻ ያደክማል። ታማሚው ከመቀመጫው መነሳት ሲያቅተው ቤተሰቡ «ዕጢው ባሰበት» ይላል፤ አንዳንዴ ግን መድኃኒቱ ነው። ፈርተው በአንድ ቀን ቢያቋርጡት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ይህን ሁሉ በክኒን ብልቃጥ ላይ ከተጻፈች አንዲት መስመር ሊያውቅ የሚችል አስታማሚ የለም።

አስታማሚዋ ብዙ ጊዜ ሚስት፣ ሴት ልጅ ወይም እህት ናት። ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ክኒን ትቆጥራለች፣ ሌሊት ትንፋሽ ታዳምጣለች። ሥራዋን ትታለች፤ ወገቧን ያማታል። ጠያቂ ሲመጣ ቡና የምታፈላውም እርሷው ናት። የሚመጣው ሁሉ «እንዴት አደረ?» ብሎ ስለ እሱ ይጠይቃል። ስለ እሷ አዳር የሚጠይቅ አይገኝም። የማስታገሻ ክብካቤ ስንል እሷም የራሷ ካርድ ወጥቶላት ትታይ ማለታችን ነው።

«ይህ ለደሃ አገር ቅንጦት ነው» ለሚሉን

ለበርካታ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ተራውን ለወራት ሲጠብቅ ኖሯል። በእነዚያ ወራት ራስ ምታቱ፣ መንቀጥቀጡ፣ ፍርሃቱ ወረፋ አልጠበቁለትም። የማዳን ሕክምና በዘገየበት አገር የማስታገሻ ክብካቤ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። የሚጠይቀውም የሠለጠነች ነርስ፣ ስልክ፣ ርካሽ መድኃኒትና የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ፍትሕ የጎደላት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የማስታገሻ ክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቀው በዓመት ለዓለም ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ነው። ይህ ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ ግን ኡጋንዳ አሳይታለች። ዶ/ር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን መሥርተው የሚጠጣ ሞርፊን ቤት ለቤት አደረሱ፤ በ2004 አገሪቱ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች።

እኛም ከባዶ አንነሳም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሥርተው ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ጀምረዋል። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየቀበሌው አለች። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ኢድሮች ቤት ለቤት የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞችን አሰማርተው እንደነበርም እናስታውሳለን። የጎደለው እነዚህን አገናኝቶ ቀድሞ ማስጀመር ነው።

የምንጠይቀው

1. የአንጎል ዕጢ የተገኘበት ሰው ሁሉ ውጤቱን በሰማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የማስታገሻ ክብካቤ ከተማረ ሐኪም ወይም ነርስ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር።

2. ውጤት የሚነገረው በርና ወንበር ባለው ክፍል፣ ታማሚው ከመረጠው ሰው ጋር ይሁን። የታማሚው ቋንቋ ሌላ ከሆነ አስተርጓሚ ይቅረብ፤ ልጅ የአባቱን ሕመም እንዲያስተረጉም አይገደድ።

3. ታማሚው መናገር በሚችልበት ጊዜ በእሱ ፋንታ የሚወስነውን ሰው ይሰይም፣ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ይንገር፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ አዲስ ኤምአርአይ በተነሳ ቁጥር እንደገና ይጠየቅ።

4. አስታማሚዎች ሰውን ማንሳትና ማገላበጥ፣ የሚጥል ሕመም ሲነሳ የሚደረገውንና የመድኃኒቶቹን ጠባይ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይማሩ። ሌሊት የሚነሳ አንድ ስልክ ቁጥር ይሰጣቸው።

5. የሚጥል ሕመም መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞንና ሞርፊን ከዋና ከተማ ውጭም አይጥፉ። ታማሚው መዋጥ ሲያቅተው በምን መንገድ እንደሚሰጡ አስቀድሞ ይታቀድ። የጤና መድን ይሸፍናቸው።

6. የማስታገሻ ክብካቤ በሕክምናና በነርስ ትምህርት ቤቶች በፈተና የሚጠየቅ ትምህርት ይሁን፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሚሆን ሁሉ ይሠልጥንበት።

7. ከቀብር በኋላም የጤና ባለሙያ አስታማሚዋን ሄዶ ይጠይቃት። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ እንዴት እንደሆነላት ይይ።

ለእምነት አባቶችና ለኢድሮች

ታማሚው ጠበል ይጠመቅ፣ ዱዓ ይደረግለት፣ ይጸለይለት። የሚጥል ሕመም መድኃኒቱን አቋርጦ ግን ወደ ጠበል አይሂድ፤ በድንገት ማቋረጡ ራሱ ሊጥለው ይችላል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ባስተማሩ ጊዜ ብዙ ምዕመናን ሰምተዋል። ለዚህም ሕመም ያው ቃል ከዐውደ ምሕረቱ፣ ከመስጊዱና ከጸሎት ቤቱ ይሰማ።

ኢድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያሰልፋል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛን ብቻውን አያስተኛም። እኛ የምንለው ከሐዘኑ ቀናት ጥቂቱን ከሞት በፊት አምጡልን ነው። ጎረቤት በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ ይግባና አስታማሚዋ ትተኛ። ጠያቂ ቡናውን አፍልቶ ይምጣ።

የምንገባው ቃል

ያስታመምን ሰዎች ዛሬ ከሚጀምሩት አጠገብ እንቀመጣለን፤ የምናውቀውን እንነግራቸዋለን። የጤና ባለሙያዎቻችን «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናወጣለን፤ ሕመም ማስታገስ፣ እንቅልፍ መመለስ፣ ቤተሰብን ማስታረቅ ሁልጊዜ የሚቻል ሥራ ነውና። ታማሚዎቻችን የምንፈልገውን ጮክ ብለን እንናገራለን።

ከእኛ ጋር የምትቆሙ ሁሉ ሥራችሁን በእጃችሁ ካለው ጀምሩ። ሐኪም ከሆናችሁ ለሚቀጥለው ታማሚ ወንበር ሳቡለት። ነርስ ከሆናችሁ አስታማሚዋን በስሟ ጥሯትና እንዴት እንዳደረች ጠይቋት። የኢድር ሰብሳቢ ከሆናችሁ በመጪው ስብሰባ «የታመመ አባል ቤት ተራ አዳር» የሚል አጀንዳ አስይዙ። የሕግና የበጀት ሰው ከሆናችሁ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገሮች የማስታገሻ ክብካቤን በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ያሳለፈውን ውሳኔ አንብቡና ገንዘብ መድቡለት። ከሕመሙ ሁሉን ማዳን ገና አልተቻለም። ማንንም ብቻውን አለመተው ግን ዛሬ ይቻላል፤ ስለሚቻልም ግዴታችን ነው።