ቅናሽ እምነት አይመልስም

ጊታር ጠጋኙ «ነገ ና» እያለ ወራት ያስቆጥራል። ጊታሩ ሲመለስ ኦሪጅናሉ መቃኛ በርካሽ ተቀይሯል። ደንበኛ ሲጠፋ «ገበያው ቀዘቀዘ» ይላል። አልቀዘቀዘም፤ ራሱ አባረረው!

አሁን «50 በመቶ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ችግሩ ግን ዋጋው አልነበረም። የናይለን ክሮች ሲወጠሩ ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ፤ የብረቶቹ ከ70 ያልፋሉ። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ገጥሞ፣ ብሪጁ ሲነቀል «እንጨቱ ደካማ ነው» ማለት በጥፋት ላይ ውሸት መጨመር ነው።

እምነት የሚመለሰው ጊታሩን ሲረከቡ በባለቤቱ ፊት ፎቶ በማንሳት፣ ዋጋና ቀን በጽሑፍ በማስፈር፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ በማስረከብ፣ ያበላሹትን በነፃ በመጠገን ነው። «ይሄ አይጠገንም፤ ብርህን አታባክን» የሚል አንድ ሐቀኛ ቃል ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣል። ይህ የከበደው ሱቁን ይዝጋ።